የዳኛው ካባ ክር

በትያትር ቤቱ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ አንድ ልማድ ነበር፤ የአዲስ ልብስ የመጨረሻ ክር አይቆረጥም። ከአንገትጌው ሥር አንድ ጣት ያህል ተንጠልጥሎ ይቆይና ትያትሩ ከመድረክ በሚወርድበት ቀን ሰፊዋና ተዋናዩ አብረው ይቆርጡታል። ቀድሞ የቆረጠ የትያትሩን ዕድሜ ያሳጥራል ይባላል።

ሰፊዋ የዳኛውን ጥቁር ካባ ስትሰፋ ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። በትያትሩ ውስጥ ዳኛው በንጹሕ ሰው ላይ እንዲፈርድ ከላይ ሲታዘዝ፣ ካባውን አውልቆ ወንበሩ ላይ ይጥልና ይወጣል። ይሄኔ ተመልካቹ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል። በአሥራ አንደኛው ቀን ጭብጨባው አላባራ አለ። በማግስቱ በሩን የሚያሽጉ ሰዎች መጡ፤ ሠራተኛው ሁሉ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ተነገረው።

ዳኛውን የሚጫወተው ሰው ሊሰናበታት ወደ ስፌት ክፍሏ ጎራ አለ። አገር ጥሎ ሊሄድ ነው። "ዳኛዬ" ነበር የምትለው፤ ከዚያ የሚያልፍ ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም።

"መቀሱን ላምጣ?" አለችው፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ።

"ምን አስቸኮለሽ? ትያትሩ መቼ አለቀና! ስመለስ አብረን እንቆርጠዋለን።"

ካባውን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ግርጌ ከትታ ወጣች። አርባ ዓመት በነጭ አንሶላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አኖረችው። ክረምት በወጣ ቁጥር ታናፍሰዋለች፤ ክሩን ግን በጣቷ ጫፍ ዳሰስ አድርጋ ትተወዋለች።

ዘንድሮ ትያትር ቤቱ የድሮ ዕቃዎቹን ለሕዝብ ሊያሳይ ተነሣ። እዚያው የምትሠራው የእህቷ ልጅ ካባውን ልትለምናት መጣች። ሰፊዋ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

"አክስቴ፣ እኔን እንኳ እንዲህ አቅፈሽኝ አታውቂም!"

"አንቺን እንደ ጨርቅ ብል አይበላሽማ።"

የእህቷ ልጅ እየሳቀች ካባውን ገልበጥ አደረገችው። "ውይ፣ ክር ተርፎበታል!" ብላ ከቦርሳዋ መቀስ አወጣች።

"ተዪው!"

ዕድሜዋን ሙሉ ጮኻ የማታውቅ ሴት ስትጮህ፣ መቀሱ ከልጅቱ እጅ ወደቀ። ከዚያ ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ እየተሽኮረመመች ሁሉንም ነገረቻት።

"እና በሕይወት ይኖር ይሆን አክስቴ?"

"እኔ ምን አውቄ።" አንገትጌውን አስተካከለች። "ግን ከመጣ ትያትር ቤት ነው የሚሄደው። የእኔን ቤት በየት ያውቀዋል?"

ከዚያም ካባውን በገዛ እጇ አንሶላው ላይ አጣጥፋ ሰጠቻት፤ የራሷንም የስፌት መቀስ ጨመረችበት።

አሁን ካባው በትያትር ቤቱ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ ክሩ እንዲታይ አንገትጌው ተገልብጦ ቆሟል፤ መቀሱ ከሥሩ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰፊዋ መነጽሯን ጠርጋ ትጠጋለች። ክሩ እንዳለ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር ትላለች።