ጾም የገደፈው ላንድሮቨር

ንፋስ መውጫ ጋሽ ፋንታሁን ፍሬን ቤት የተቀጠርሁት በልመና ነው። ለማኟ እናቴ ነበረች። ጋሽ ፋንታሁን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው እጄን አገላብጠው አዩና፣ «ጣቱ ወፍራም ነው፤ ትንሽ ቢሞረድም ይተርፈዋል» አሉ። እናቴ መረቀቻቸው። እኔ ጣቶቼን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

በቤቱ ማዕረግ ነበር። ከላይ ጋሽ ፋንታሁን፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ረዳቱ፣ ከረዳቱ ቀጥሎ ብረት ጠፍንጎ ከሚይዘው ሞርሳ ሥር የምትተኛዋ ድመት፣ ከድመቷ ቀጥሎ እኔ። ድመቷ ከተኛች ሞርሳውን ማጥበቅ ክልክል ነው። እኔ ከተኛሁ ጥፊ ነው።

የዚያኑ ቀን ሞረድ ሰጡኝና አንድ የፍሬን ሸራ ሞርድ አሉኝ። ያለ ዕረፍት ሞረድሁ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ተገጣጠመና ጋሽ ፋንታሁን መሪውን ይዘው «ግባ» አሉኝ።

«የት ልግባ?»

«ከፊት ነዋ! እዚህ ቤት ሸራውን የሞረደ ሰው ለሙከራ ከፊት ይቀመጣል። ሕግ ነው።»

ከከተማው መውጫ ያለውን ቁልቁለት ያለ ማርሽ ለቀቁት። ነፍሴ ቀድማኝ ወረደች። ከታች ሲደርሱ ፔዳሉን ረገጡት፤ ግንባሬ ከመስተዋቱ ጋር ተዋወቀ። ጋሽ ፋንታሁን ወደ እኔ ዞረው እንኳ ሳያዩ «ይዟል» አሉ። መያዙንማ እኔም በግንባሬ አውቄዋለሁ።

የእኛ ሥራ አሮጌ መኪና ነው። የአዲስ መኪና ፍሬን ሲያልቅ ከሱቅ የተዘጋጀውን ገዝተው ይቀይሩለታል። እኛ ዘንድ የሚመጣው መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ፣ ባለቤቱ ግን ያልጠፋ መኪና ነው።

የነዚህ መኪናዎች ፍሬን አሠራሩ ቀላል ነው። ከጎማው ጋር ታምቡር የሚባል ድስት መሳይ ብረት ይዞራል። በድስቱ ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች አሉ፤ ጀርባቸው ላይ ሸራ ተመትቶባቸዋል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብረቶቹ ይከፈቱና ሸራው የድስቱን ግድግዳ ይዞ ያቆመዋል። ሸራው ሲያልቅ አሮጌውን ነቅለን አዲሱን በመዳብ ምስማር እንመታለን፤ ያውም ከመሐል ወደ ጫፍ። ከጫፍ የጀመረ ሰው መሐሉ ያብጥበታል።

ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ክብ ጋር ወዲያው አይስማማም። የታምቡሩን ውስጥ ጠመኔ ትቀባለህ፤ ሸራውን አስገብተህ ታሽዋለህ፤ ታወጣውና ታየዋለህ። ነጭ የነካው ቦታ እብጠት ነው፤ እሱን ብቻ ትሞርዳለህ። ደግመህ ትቀባለህ፣ ደግመህ ታሻለህ። ሸራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ከለበሰ አለቀ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አንተም ከወፍጮ ቤት የወጣህ ትመስላለህ።

ጋሽ ፋንታሁን ሲያርፉ ቤቱም ሞረዱም ሕጉም ለእኔ ቀሩ። ድመቷን ልጇ ተካቻት።

አሁን ከተማው በባጃጅ ተሞልቷል። አሮጌ መኪና የሚያመጣልኝ ሰው እየተመናመነ ነው። ከቀሩኝ ደንበኞች አንዱ አያ ሞላ ነው። አያ ሞላ ገበሬ ነው፤ ከአንድ ጡረተኛ የገዛው አሮጌ ላንድሮቨር አለው። ላንድሮቨሩን የሚነዳው ልጁ ደሴ ሲሆን፣ ከንፋስ መውጫ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ ሰው ያመላልስበታል። የመኪናው ፍሬን ድንጋይ ነበር። ነገሩን አላጋነንሁም። ከሾፌሩ ጎን ወንበሩ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ ይቀመጣል፤ ደሴ በማርሽ እያንገራገጨ ሲያቀዘቅዘው ከፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ ዘልሎ ይወርድና ድንጋዩን ከጎማው ሥር ይወትፋል። ለዚህ ሥራው የሚቀነስለት ሂሳብ የለም።

ደሴ ይታይሽ የምትባል ልጅ ወደደ። አባቷ ቄስ አዱኛው ቤታቸው በዚያው መንገድ ላይ፣ ከትልቁ ቁልቁለት ግርጌ ነው። ሽማግሌ ተላከ። ቄሱ ሽማግሎቹን በክብር ተቀብለው አስተናገዱና እንዲህ አሉ፦

«ልጁን አልጠላሁትም። ባለፈው ግን ከፊት ተቀምጬ ያን ድንጋይ ታቅፌ ሄጃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከነጥምጥሜ ዘልዬ ወርጃለሁ። ልጄን ፍሬን ለሌለው መኪና ሾፌር አልሰጥም። ፍሬን አሠርታችሁ ኑ። መቋሚያዬን መንገዱ ላይ እተክላለሁ፤ መኪናው ከቁልቁለቱ ወርዶ እሷን ሳያልፍ ከቆመ ልጄ የናንተ ናት። ካለፈ ግን ደግማችሁ እንዳትመጡ።»

አያ ሞላ ይህን ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። ደሴ ከኋላው ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ተሟጥጦ ያለቀ ሸራ መስሏል። አሳዘነኝ። «ጋሼ፣ ይቆምልኛል?» አለኝ። «ይቆማል» አልሁት።

የአራቱንም ጎማ ሸራ ለወጥሁ። አያ ሞላ ከአጠገቤ አልተነሣም። ጎማ ሲፈታ፣ ታምቡር ሲወጣ፣ ጠመኔ ሲቀባ፣ ሁሉንም በአንክሮ አየ። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ጥፋቱም ከዚያ መጣ።

ቅዳሜ ከፊት ተቀምጬ ከደሴ ጋር ሞከርነው። ቀጥ አለ። ነገር ግን በቆመ ቁጥር «ሲጥ!» ይላል። ከአጥር ላይ ዶሮ ወደቀች።

«ምነው ጮኸ?» አለ አያ ሞላ።

«አዲስ ሸራ ነው። ትንሽ ቢሠራበት ራሱ ይለምዳል። አትንኩት።»

«ቄሱ ፊት እንዲህ ሊጮኽ?»

«ይጩህ! አትንኩት ብያለሁ።»

ጉዞው በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ወቅቱ ታኅሣሥ ነው፤ እህሉ ተወቅቶ ጭዱ የተከመረበት፣ የነቢያት ጾምም ያልተፈታበት። ደሴ መሪውን ያዘ፤ እኔ በሕጌ ከፊት ተቀመጥሁ፤ ድንጋዩም ለክፉ ቀን ተብሎ እግሬ ሥር ሆነ። አያ ሞላና ሽማግሎቹ ከኋላ ገቡ። የሽማግሎቹ መሪ አያ ካሴ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አፍንጫቸው ግን ገና ወጣት ነው።

እስከ ቁልቁለቱ አናት ምንም አልታወቀንም። ደሴ ከድንጋዩ ዘመን በቀረ ልማድ መኪናውን የሚይዘው በማርሽ ነበር። ከአናቱ ላይ ሆነን ቄሱን አየናቸው። መቋሚያቸውን መንገዱ መሐል ተክለው፣ እሳቸው በስተቀኝ ከጭድ ክምራቸው አጠገብ ቆመዋል። ከሁሉም የማያሰጋ ቦታ የመረጡ መስሏቸው ነው።

መውረድ ጀመርን። ደሴ ፔዳሉን ደጋግሞ ነካ ነካ አደረገው። ያኔ ከኋላ አያ ካሴ አንገታቸውን አስግገው አሸተቱና፣ «ማርያምን! ማነው በነቢያት ጾም ቅቤ የሚያነጥር?» አሉ።

እኔም ሸተተኝ። ሽታው ከውጭ አልነበረም። ከእኔ ጎማ በኩልም አልነበረም። ከደሴ በኩል፣ ከግራው ጎማ ነበር።

«አያ ሞላ» አልሁ ዞሬ፣ «ፍሬኑን ነክተኸዋል?»

ደረቱን ነፋ። «ቀብቼዋለሁ! አዲስ የቆዳ ምራን እንኳ ቅባት ሳይጠጣ በሬ አይጠመድበትም፤ ይጮኻል፣ ይሰነጠቃል። ይሄም እንደሱ ነው ብዬ ለጋውን ቅቤ አጠጣሁት። ጾም ስለሆነ ቤት ውስጥ ተከማችቶ ነበር።»

«አራቱንም?»

«የት ደርሼ! ግራውን ሁለቱን እንደጨረስሁ ከቅዳሴ ወጣችሁ።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ቅቤ የነካው ሸራ አይዝም። ግራው ካልያዘና ቀኙ ከያዘ ደግሞ መኪናው ወደ ቀኝ ይዞራል። በስተቀኝ ያለው ምን እንደሆነ ዓይኔ እያየ ነው። ፈራሁ። የፈራሁት ግን ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ ደሴ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ፣ «መቋሚያዋን እንዳላልፍ ብቻ፣ መቋሚያዋን እንዳላልፍ ብቻ» እያለ ሲጸልይ ሰማሁት።

«ማርሽ ቀንስ! ቄሱ ይሽሹ፣ ጥሩንባ ንፋ!» ብዬ ጮኽሁ።

ጥሩንባው ሠራ። ቄሱ ግን ሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አነሱ።

ደሴ እስከ መጨረሻው ረገጠው። ቀኙ ያዘ፤ ግራው እንደ ጥብስ ተንጫጫ። ላንድሮቨሩ ከመንገድ ወጥቶ ክምሩ ውስጥ እስከ በሩ ተሰነቀረ። ቀኑ ጨለመብን። ከዚያ ጭዱ ቀስ እያለ ወረደና ብርሃን ሆነ። ከኋላ የአያ ካሴ ድምፅ፣ «እንግዲህ ደርሰናል መሰለኝ» አለ።

ይታይሽ ከቤት እየሮጠች ወጣች። ማንንም ሳታይ በቀጥታ ወደ ሾፌሩ በር ሄደችና ጭዱን በሁለት እጇ እየገፋች፣ «ደሴ! ተርፈሃል?» አለች።

«እኔም አለሁ እኮ» የሚል ድምፅ ከክምሩ ሥር መጣ። አባቷ ናቸው።

ጎትተን አወጣናቸው። ከጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው ጭድ ለብሰዋል፤ አንድ ጭረት ግን የለባቸውም። መጀመሪያ የተናገረው አያ ሞላ ነው።

«አባ፣ መቋሚያዋን ይዩልኝ።»

ሁላችንም ዞረን አየን። መቋሚያዋ ከፊታችን እንደተተከለች ቆማለች።

«አላለፋትም! በቃልዎ መሠረት አላለፋትም!»

ቄሱ ጭድ ከአፋቸው አወጡ። «ቃሌ ቃል ነው፤ አላለፋትም። ግን ጭድ ያቆመውን ፍሬን አቆመው አይባልም።» ከዚያ አሸተቱ። «ይሄ ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

አያ ሞላ ነገሩን ተናገረ። ቄሱ በመጀመሪያ ስለ ክምሩ የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«መቼ ነው የቀባኸው?»

«ዛሬ ጧት፣ እናንተ ቅዳሴ ላይ ሳላችሁ።»

«እሑድ! ያውም በጾም!» አማተቡ። «እናንተ ጾማችሁ መኪናው ገደፈ ማለት ነው?»

ሳቅ አመለጠኝ። አያ ካሴም ሳቁ። ቄሱ ላለመሳቅ ጢማቸውን ያዙ፤ ጢማቸው ግን ተንቀጠቀጠ። ልጃቸው አሁንም ከደሴ አንገት ላይ ጭድ እየለቀመች ነበር። አባቷ አዩዋት። ከክምሩ ያወጣናቸው እኛ ስንሆን፣ እሷ የሮጠችው ወደ ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ሸራውን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«እና ከፊት ተቀመጥህ?»

«የቤታችን ሕግ ነው። የሞረደ ከፊት ይቀመጣል።»

ጭዱን ከጥምጥማቸው አራገፉ። «ለሚመጣው እሑድ ደግማችሁ ኑ። ያን ቦታ ግን ለእኔ ተውልኝ። ልጅ የሚሰጥም ከፊት ይቀመጣል።»

ቅቤ የጠጣ ሸራ አይታጠብም፣ ይጣላል። የግራውን የሁለቱን ጎማ ሸራ እንደገና መታሁ፣ ጠመኔ ቀባሁ፣ አሸሁ፣ ሞረድሁ። አያ ሞላን ከበር ውጭ አስቀመጥሁት። ድመቷ ጠበቀችው።

በሚቀጥለው እሑድ ቄስ አዱኛው መቋሚያቸውን ከግርጌ ተክለው በእግራቸው ወደ ቁልቁለቱ አናት ወጥተው ጠበቁን። በሩን ከፍተው ሊገቡ ሲሉ እግራቸው ድንጋዩን ነካ። አጎንብሰው አነሱት፣ አገላብጠው አዩት፣ ወደ ጉድባው ወረወሩት።

«አንተ ውረድ» አሉት ድንጋዩን፤ «በቦታህ እኔ አለሁ።»

እኔም ቦታውን ለቅቄላቸው ከኋላ ተቀመጥሁ። ሞርጄ ከኋላ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከፊት ስሆን ፈርቼ የማላውቀውን ፍርሃት ፈራሁ። ደሴ ለቀቀው። ከግርጌው ሲደርስ ረገጠ። «ሲጥ!» አለ፤ መቋሚያዋ ሳትነካ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይታይሽ ከበሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«አባ፣ ይጮኻል ይቅርታ» አለ አያ ሞላ።

«ይጩህ» አሉ ቄሱ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ። «ቢያንስ መኖሩን ሰማሁ። በሉ ውረዱ፤ ስለ ሠርጉ እንነጋገር።»

ጥር ላይ ሙሽራዋ በዚያው መኪና ሄደች። ፍሬኑም እስከዚያ ለምዶ ጩኸቱን ተወ።

ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። አዲስ ሸራ ይጮኻል፤ ተዉት። ቅባት አያስነኩት። የሞረደ ሰው ከፊት ይቀመጥ።