ወንድሜ ግድቡ ዳር የነገረኝ

ወንድሜ ጄኔቭ፣ እኔ ዙሪክ እንኖር ነበር። አንድ አገር ውስጥ ሆነን ከዓመት በላይ አልተያየንም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አዲስ አበባ ታስሬ በተፈታሁ ሰሞን ከጄኔቭ ደወለና «አንቺን ምን አግብቶሽ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ፤ መልሴን ሳይሰማም ስልኩን ዘጋው። እሱ ጄኔቭ ሆቴል ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆኖ ከተቀጠረ ቆይቶ ነበር። የእኔ ጓደኞች ደግሞ ያን ጊዜ ገና ከእስር አልተፈቱም ነበር። ተቀያየምን። በኋላ ተሰድጄ እዚያው እሱ ያለበት አገር ገብቼ ጥገኝነት ስጠይቅ እንኳ፣ መምጣቴን የነገሩት አባታችን ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ያገናኙንም እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ ደውለው «እዚያ አገር ብዙ ግድብ አለ ይባላል። ከወንድምሽ ጋር ሄዳችሁ እዩልኝና ንገሩኝ» አሉኝ። ለእሱም ያንኑ ብለውታል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ገፈርሳ ግድብ ላይ ነው፤ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚሰጡት በአንዱ። ሥራቸው የውሃውን ከፍታ እያዩ መመዝገብና በሩን መጠበቅ ነበር። ቤታችንም እዚያው አካባቢ ስለነበረ ያደግነው ጉም በማይለየው፣ ሳሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ሜዳ ላይ ነው። አባባ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላቸው፣ እኔ መጨረሻ ሆነን ዳር ዳሩን እንዞር ነበር። ጫማችን ጭቃ ሆኖ ስንገባ እናታችን ሦስታችንንም በአንድ ላይ ነበር የምትቆጣው።

የአባት ትእዛዝ ነውና ሄድን። የመረጥነው ከአይንሲደልን ከተማ በላይ ያለውን የዚል ሐይቅ ነው። ሐይቅ ይባላል እንጂ ግድብ ነው፤ ድሮ ገበሬዎች ይኖሩበት የነበረ ሸለቆ ውሃ ተሞልቶበት ነው የተሠራው። ዙሪያው ረግረግ ነው። አፈሩ ጥቁር፣ ሲረግጡት እንደ ፍራሽ እሺ የሚል፣ እግር ሲነሳ ውሃ የሚያቁር። ሳሩ በመስከረም ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከባቡር ወርደን ያን ሜዳ ሳየው ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። እሱም አየኝ።

የዚያን ቀን ብዙ አላወራንም። እሱ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ መንገዱ ጠበብ ሲል «ተጠንቀቂ፣ ያንሸራትታል» ይለኛል፣ ሌላ የለም። መጨረሻ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥንና ለአባባ ደወልን። ደኅንነታችንን እንኳ ሳይጠይቁ «ውሃው የት ደርሷል?» አሉ። አላየንም ነበር። ተቆጡን፤ ግድብ ድረስ ሄዶ ውሃውን ሳያይ የሚመለስ ሰው ምን ሊሠራ ሄደ አሉ። ወንድሜ ስልኩን ለእኔ ሰጠኝና ሳቀ። ስልኩን ከዘጋብኝ ወዲህ ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሁለታችንም የዕረፍት ቀን ሲገጥም መሄድ ለመድን። እኔ አልትሽቴተን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ቢሮዎች የሚያጸዳ ድርጅት ተቀጥሬ ስለነበር ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነኝ፤ የሱ ግን ይለዋወጣል። አንዳንዴ እኔ ወደሱ እሄድና ፓኪ ሰፈር ያለችው አንዲት ክፍሉ ውስጥ አድሬ፣ በማግስቱ በባቡር ጁራ ተራሮች ላይ ወዳለ ቀዝቃዛ ሐይቅ እንወጣለን። ጄኔቭ ያለው ትልቁ ሐይቅ አይሆነንም ነበር፤ ያ ዘንጠው ለወጡ ሰዎች ነው። በነዚያ ጉዞዎች ስለ ሥራ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ እናታችን ተዝካር ሳይቀር አውርተናል። ስለ ምርጫው ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ሁለታችንም እየዞርን ነበር የምናልፈው።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። አንድ መስከረም ላይ የሐሞት ጠጠር ተገኘብኝና ኦፕራሲዮን ተደረግኩ። ቁስሉ አመርቅዞ ሆስፒታል ቆየሁ። ወንድሜ ፈቃድ ወስዶ መጣ። ስወጣ ሐኪሙ ቀስ እያልሽ ተራመጂ ስላለኝ ዙሪክ ከተማ ውስጥ በሐይቁ ዳር ዳር አዘገምን። ቦርሳዬን ያዘልኝ። የዚያን ቀን ከፊት መሄዱን ትቶ ከኋላዬ ሆነ። ብወድቅ ሊይዘኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ከአባባ ጋር ልነጋገር ስል አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን ጸበል ሄደዋል፣ ስልክ የለም አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው አለች። ጸበል መሄድ ይወዱ ስለነበር አልተጠራጠርኩም።

ኅዳር ሲገባ ወንድሜ ደወለና ቅዳሜ ወደ ግድቡ እንሂድ አለኝ። በብርድ ወራት ሄደን አናውቅም። ምክንያቱን ስጠይቀው ሐኪሙ ተራመጂ ብሎሽ የለ አለኝ። ጠዋት ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ስደርስ ብቻውን አልነበረም። ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት ጡረተኛ ነርስ አብረውት ቆመዋል። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ እንኳ የሚወርዱት ተደግፈው ነው።

«ምነው እማማ፣ በዚህ ብርድ?» አልኳቸው።

«ስለዚህ ሐይቅ ስታወሩ እሰማለሁ፤ እስቲ ልየው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ባቡሩ ውስጥ እማማ ስለ ቁስሌ ጠየቁኝ፤ ጠገገ ወይ፣ ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ምግብ ይበላልሻል ወይ። ወንድሜ ወደ ውጭ ያያል። ለምሳ ምን እንደያዘ ስጠይቀው አልሰማኝም። ከአይንሲደልን አውቶቡስ ይዘን፣ ረጅሙን ድልድይ ተሻግረን ማዶ ወረድን። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ውሃው ግራጫ ሆኖ ረግቷል። ቤቶቹን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ወንድሜ አንድ ወንበር አሳየኝና ቁጭ እንበል አለ። እማማ ከጎኔ ተቀመጡና እጄን ያዙ። አያያዛቸው የነርስ ነበር፤ ጠበቅ ያለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ያላወቅኩት ማን እንደሆነ ብቻ ነው።

«ማነው?» አልኩ።

ወንድሜ ፊት ለፊቴ እርጥቡ ሳር ላይ ተንበረከከ።

«አባባ አርፈዋል» አለኝ።

ጮህኩ። እንዴት እንደጮህኩ እኔ አላውቀውም፤ እማማ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። ተነስቼ ልሮጥ ስል ወንድሜ ወገቤን ያዘኝ፣ ቁስሉን እንዳይነካ ተጠንቅቆ። ስማቸውን እየጠራሁ አለቀስኩ። እሱም አብሮኝ አለቀሰ፤ እማማ ከቦርሳቸው ጥቁር ነጠላ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና እሳቸውም እንደ አገራቸው ወግ እያሞገሱ አለቀሱላቸው፣ አይተዋቸው ለማያውቁት ሰው። ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ደንግጠው ቆሙ። እማማ በጀርመንኛ አባቷ ሞተውባት ነው አሏቸው። ሰውዬው ቆቡን አወለቀ። ሚስቱ የውሻውን ማሰሪያ አሳጥራ ያዘች። እስክንረጋ ድረስ እዚያው ቆመው ቆዩና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ብለውን ሄዱ።

ልቅሶው በረድ ሲልልኝ ቁጣ መጣብኝ። መቼ ነው፣ የት ተቀበሩ፣ ለምን ዛሬ ብዬ አፋጠጥኩት። ሆስፒታል ሳለሁ ነው ያረፉት። ሕመምተኛ መርዶ አይሰማም፣ ቁስሏ ይጥገግ ብለው የመከሩት እማማ ነበሩ። ያን ጊዜ በዙሪክ ሐይቅ ዳር ከኋላዬ ሲሄድ አስታወስኩ። ፊቱን እንዳላይ ነበር። ብቻውን ሐዘን ተቀምጦ፣ ቦርሳዬን ይዞ፣ ስለ አየሩ እያወራኝ ሄዷል። ቁጣዬ የሚይዘው አጣ።

«ቤት ውስጥ ብነግርሽ ድምፅሽን ታፍኚው ነበር» አለኝ። «አባባ ታፍኖ አይለቀስላቸውም።»

እውነቱን ነው። እኔ ባለሁበት ሕንፃ አንድ ያገራችን ሰው እናቱ ሞተውበት ስናለቅስ፣ ጎረቤት ሰው እየተደበደበ መስሎት ፖሊስ ጠርቶ ነበር። ፖሊሶቹ በትሕትና ነው ያናገሩን፤ ግን ከዚያ ወዲያ ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው ያለቀስነው። ለካ ይህን አንድ ጊዜ ስነግረው ልብ ብሎ ይዞት ነበር።

ሰልስቱን ቤቴ ተቀመጥን። የመጣው ሰው ጫማውን ኮሪደር ላይ አውልቆ፣ በሹክሹክታ እግዜር ያጥናሽ እያለ ይገባል። ወንድሜ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ አደረ፤ በጠባቧ ወጥ ቤቴ ለመጣው ሁሉ ሲሠራ ዋለ። ለእያንዳንዱ ሰው የአባባን አሟሟት እንደ አዲስ ይተርካል። እኔ ከእያንዳንዱ ትረካ አንድ ያልሰማሁት ነገር አገኝ ነበር። በመጨረሻው ሳምንታቸው መናገር አቅቷቸው፣ ስልኩን አክስታችን ጆሯቸው ላይ ይዛላቸው፣ እሱ ውሃው የት እንደደረሰ ሲነግራቸው ዝም ብለው አዳምጠዋል።

በረዶው ሲቀልጥ እንደገና ሄድን። የምንደውልለት ሰው ስለሌለ መጀመሪያ ላይ እጃችንን የት እንደምናደርገው ጠፋን። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ወንድሜ ቆመ። ዞሮ ሳያየኝ ተናገረ።

«ያኔ ስልኩን የዘጋሁብሽ ተናድጄ አልነበረም። ይገድሏታል ብዬ ፈርቼ ነው። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።»

ስለ ምርጫው አሁንም ሐሳባችን አንድ አይደለም፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። «ጋሼ፣ እኔም እስር ቤት ውስጥ የፈራሁት ላንተና ለአባባ ነበር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጉሙ እየወረደ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ተራመድን። አውቶቡሱ አምልጦን ነበርና ወደ ከተማው በእግር ገብተን፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለች ትንሽ ምግብ ቤት ውስጥ የገብስ ሾርባ አዘዝን። እሱ እንደ ባለሙያ ቀመሰውና ጨው አንሶታል አለ። እኔ ግን ርቦኝ ስለነበር ሁሉንም ጠጣሁት።