እስከ ደረቱ ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ከክፍሏ ስትወጣ ሰው የሞተባት መስሎኝ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተነሣሁ። የድሬዳዋ ሙቀት ለብቻው ሰው ያስለቅሳል፤ ይሄ ግን ከሙቀት ያለፈ ነበር። ማን ነው ብላት ያቀፈችውን ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አሳየችኝ። የሞተው ለካ ዘንዶ ላይ ተቀምጦ የሚበር ጎረምሳ ኖሯል፤ ያውም ገና በአራተኛው መጽሐፍ። ነጠላዬን መልሼ አስተካከልኩ። ለዘንዶ ጋላቢ አላዘቀዝቅም።

መጽሐፉን ተቀብዬ ገለጥ አድርጌ አሸተትኩት፤ ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላምባ መሽተት ነበረበት፤ ምክንያቱም ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ ከቤታችን ዝቅ ብሎ በነበረው በጋሽ ሽኩር ሱቅ መጻሕፍቱ የሚቀመጡት ከላምባው በርሜል አጠገብ፣ ከልብስ ሳሙናው ሥር ስለነበር፣ አዳዳ ጫልቱ አንዱን ገዝታ ስትገባ ሽታው ቀድሟት ይገባና ዛሬ ደግሞ ለቅሶ አለ ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር።

የጃንሆይ ዘመን ነው። አዳዳ የምንለው የአባትን እኅት ነው። አዳዳ ጫልቱ ከእኛ ጋር የምትኖር፣ የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ፣ በሒሳብ የማትረታ፣ መዝሙር ስታነሣ ቆርቆሮው አብሯት የሚዘምር የሚመስል ሴት ነበረች፤ ታዲያ ይህች ሴት በክፍል በክፍል እየታተመ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ለሚመጣ ተረት ልቧን ሰጠች። ልዑል ሣህሉ የሚባል የንጉሥ ልጅ በተራራ ጠንቋይ ተረግሞ ከእግሩ ጀምሮ ወደ ላይ ድንጋይ ይሆናል። ደራሲው ብልጥ ስለነበር በአንድ ጊዜ አያደርቀውም፤ በመጀመሪያው ክፍል ቁርጭምጭሚቱን፣ በሁለተኛው ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ጭኑን፤ ሥጋ ሻጭ እንኳ እንዲህ አሳንሶ አይመትርም። በመካከሉ የሚያወሩ ጅቦች አሉ፣ ስለ ወንድሟ ዓይኗን ለጠንቋይዋ የሸጠች እኅት አለች፣ ደግሞም በየገጹ ዝናብ ይዘንባል፣ ነቀምቴ ላይ ዝናብ ያነሰን ይመስል።

አዳዳ ጎመን እየቀነጠሰች ድንገት እጇ ይቆምና “ጭኑ ደረሰ እኮ” ትላለች። አባቴ “የማን?” ይላል። “ተወኝ፣ ኦቦ” ትላለች። ጋሽ ሽኩር በበኩሉ አዲስ ክፍል በመጣ ቁጥር በገበያው መካከል “ጫልቱ፣ በሽተኛሽ ገብቷል፤ ዛሬ ወገቡ ነው!” እያለ ይጣራ ነበር።

የመጀመሪያውን ክፍል የሰጣት ግን ጋሽ ሽኩር አልነበረም። መምህር ገመቹ የሚባል የሲሬ ሰው በክረምት የመምህራን ሥልጠና ላይ አውቋት፣ እኔም አልቅሼበታለሁ ብሎ በእጇ አስጨበጣት፤ ከዚያም ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ነገሩ ሊያልቅ አንድ መምጣት ብቻ ቀርቶት ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ የሴቶች ጸሎት በቤታችን ይደረግ ነበር። ሁሉም ያለባትን ሸክም ትናገራለች፣ ይጸለያል፤ በማግስቱ ደግሞ ለታመመው ሰው ቅቤውም ዱቄቱም ይሄዳል። በዚያች ረቡዕ ተራዋ ሲደርስ አዳዳ፣ ምን እንደነካት እግዚአብሔር ይወቅ፣ “ስለ አንድ ልጅ ጸልዩልኝ። ከእግሩ ጀምሮት ወገቡ ደርሷል። ቢነኩትም አይሰማውም” አለችና ድምፅዋ ተሰበረ። ያኔ ገና ሙሽራ የነበረችው አዴ ቡልቱ፣ “የኔ እናት፣ ልጁ የት ነው ያለው?” ብትላት፣ “ሩቅ ነው። ተራራ ላይ ነው” አለቻት። እንግዲህ ይሄን ውሸት ነው ለማለት አይቻልም።

ሴቶቹ ተንበርክከው አለቀሱ። በማግስቱ ለተራራው ልጅ ተብሎ ቅቤና የገብስ ዱቄት መጣ። ከእግር የሚጀምር፣ የማይሰማ፣ ተራራ ላይ የተደበቀ በሽታ ምን እንደሆነ በዚያ ዘመን ለማንም መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ሥጋ ደዌ ነው። በዘር ይተላለፋል ተብሎ ስለሚፈራ ዘር ሳያጣራ የሚዳር አልነበረም። ወሬው ሲሬ ለመድረስ አውቶብስ እንኳ አልጠበቀም።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የቀረበላቸውን ብርዝ አልነኩም። ትልቁ ሽማግሌ ወደ መሬት እያየ “በቤታችሁ ያለውን ሕመም ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይማረው” አለ። ነገሩን ከዚያ በፊት ያልሰማው አባቴ “የማን ሕመም?” አለ። አዳዳ መጽሐፎቿን በሙሉ ታቅፋ ከጓዳ ወጣችና ልጁ የተረት ልጅ እንደሆነ ተናገረች። ሽማግሌው አንዱን ተቀብሎ ፊደሉን በጣቱ ዳሰሰው።

“ታትሟል እኮ” አለ። “ያልታመመ ሰው በሽታው ይታተማል?”

“እኛ አሁን ገና ሰማን” አለ ሌላው፤ “ለካ አዲስ አበባ ድረስ ታውቋል።”

ጋሽ ሽኩር ተጠርቶ መጥቶ “ወላሂ ተረት ነው፤ እኔው ነኝ የሸጥኩላት” ብሎ ማለ። ነጋዴ ለደንበኛው መማሉ ምን ይገርማል ተባለ።

ገመቹ ከደጅ ነበር፣ በቅሎዎቹን ይዞ። በሩ ክፍት ነው፤ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። አዳዳ መጽሐፎቹን እንዳቀፈች ዞራ አየችው። አንብቤዋለሁ የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እሱ ግን፣ የጅብ ተረት የሚያነብ መምህር እባላለሁ ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት አፍሮ፣ ጠብቆ የታሰረውን የኮርቻ ጠፍር ያጠብቅ ነበር። አጥብቆ ሲጨርስ ሄዱ።

ሰውን መናቅ ኃጢአት ነው፤ ስለዚያ ሰው ስንት ዘመን ንስሐ ብገባም ንቀቱ አልለቅ አለኝ። አዳዳ ለወረቀት ልጅ በየክፍሉ ያለቀሰች ሴት ለዚህኛው ጠብታ አላፈሰሰችም። ስድስተኛው ክፍል ሲመጣ ልዑሉ እስከ ደረቱ ድንጋይ ሆኖ መጨረሻው ላይ ይቀጥላል ይል ነበር፤ አልቀጠለም። ደራሲው ሰልችቶት ይሁን ሞቶ፣ ማን ያውቃል። ሌላ ሽማግሌም አልመጣም። እሷ የሰው ልጆችን ሒሳብ እያስተማረች በዚያው ቤት አረጀች፤ አውቶብስ በገባ ቁጥር ጋሽ ሽኩርን፣ ከእሱም በኋላ ልጁን፣ መጣ ወይ ትል ነበር አሉ።

ነቀምቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ለእሷ ለቅሶ ስሄድ ነው። አዴ ቡልቱ ዓይኗ ጠፍቶ በልጇ ክንድ ተመርታ መጣችና እጄን ይዛ፣ “ያ የተራራው ልጅ ተሻለው?” አለችኝ። ልጇ አፍራ “ተረት ነው ተብሎ የለ፣ እማዬ” ብትላት፣ “ይላሉ” አለች አዴ ቡልቱ፤ “ጫልቱ ያለቀሰችው ግን እውነት ነው። እኔ ረቡዕ ረቡዕ አልተውኩትም።”

ውሸት አልናገርም። “ገና ነው” አልኳት።

አሁን አዴ ቡልቱም የለችም፤ ስለዚያ ድንጋይ የሚንበረከክ ሰው አልቋል። የልጅ ልጄ ይሄን ሁሉ ሰምታ፣ “ከደረቱ በላይስ?” ብላ ደግሞ ልታለቅስ ቃጣት። ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ አልኳት። እኔ ለወረቀት አልጸልይም። ረቡዕ ሲመጣ ስም እየጠራሁ የምጸልየው ለሕያዋን ወገኖቼ ነው፤ ስሙ ቶሎ ያልቅብኝና እነሣለሁ።