ዱካክ ያልነው እንቅልፍ

የጌታ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን ወገኖቼ። እኔ ሰው ፊት ቆሜ ማውራት አልችልም። ታውቁኛላችሁ፣ መዝሙር እንኳን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምዘምረው። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ የደሳለኝ ሚስት ነው የምትሉኝ። ወደዚህ ጸሎት ቤትም የመጣሁት በእሱ ነው። እሁድ እሁድ ከኋላ ከኋላው እየተከተልኩ እመጣ ነበር እንጂ ጌታን አላውቀውም ነበር።

የተወለድኩት ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ነው። ቀጭን ልጅ ነበርኩ። ወልቂጤ ክትፎ ቤት ስቀጠር ግን ቆጮውም ክትፎውም እዚያው ነው፣ ሲጠማን ለስላሳ ነው፤ ወፈርኩ። ለመስቀል አገር ቤት ስገባ ሰው ሁሉ «ከተማው ተስማማሽ! አምሮብሻል!» ይለኛል። እናቴም ጎረቤት ለጎረቤት ይዛኝ ትዞራለች። ማንም ክፉ አላሰበም። እኛ ዘንድ በሽተኛ የሚባለው የከሳ ሰው ነው።

አግብቼ ቡታጅራ መጣሁ። ልጄ ናሆም ሲወለድ አማቴ ሊያርሱኝ ቅቤ ተሸክመው መጡ። አዶት ነው የምላቸው፤ በእኛ በጉራጌኛ እናት ማለት ነው። ገንፎው ሲቀርብ መሃሉ ላይ ቅቤው ኩሬ ሠርቶ ነው። «አዶት፣ በቃኝ» ስላቸው፣

«ዝም በይ! አራስ ካልወፈረች የሚታማው ባሏ ነው። ልጄን ልታሳሚው ነው?» ይሉኛል። አፍራለሁ፤ እበላለሁ።

ከዚያ እንቅልፉ መጣ። ሌሊት እያነቀኝ እባንናለሁ። ደሳለኝ «ታንኮራፊያለሽ፣ ከዚያ ትንፋሽሽ ጸጥ ይላል፣ ሞተች ብዬ ስነካሽ በድንጋጤ ትነሻለሽ» ይለኛል። ጠዋት ራሴን ያመኛል። ቀን ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል፤ ሽንኩርት እየላጥኩ እተኛለሁ። አዶት ይህን ሰምተው «ዱካክ ነው። አራስ ይወዳል፤ ደረት ላይ ይቀመጣል» አሉና ከራስጌዬ ቢላ አኖሩ። እኔም አመንኳቸው። ሌላ ምን አውቃለሁ?

ወገኖቼ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ናሆምን አጠባ ነበር። ከዚያ በኋላ የማውቀው የጎረቤታችንን የሸምሲያን ጩኸት ነው።

«ያ አላህ! ተነሺ! ልጁ! ልጁ!»

በጎኔ ወድቄበት ነበር። ከሥሬ ጎትታ አወጣችው። ፊቱ ጠቁሯል፤ ድምፅ የለውም። ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው አለቀሰ። ያ ለቅሶ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ! ሸምሲያ ወንፊት ልትዋስ ነበር የመጣችው። ጌታ በእሷ እጅ ልጄን መለሰልኝ። ሃሌሉያ!

ከዚያ ወዲህ ልጄን ማቀፍ ፈራሁ። ሲያለቅስ ጡቴ ይፈስሳል፣ እጄ ግን አይዘረጋም። እንዳልተኛ ብዬ ቆሜ አጠባሁ፤ እንቅልፉ ቆሜም መጣ። በገዛ ገላዬ ልጄን ልገድለው ነው እያልኩ ሰውነቴን እንደ ጠላት አየው ጀመር።

ደሳለኝና አዶት ለጸሎት ወደዚህ አመጡኝ። የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚህች ጋ ተንበረከክሁ። ፓስተር እጃቸውን ጫኑብኝ፤ እናንተም «ልቀቃት! ውጣ!» እያላችሁ ጮኻችሁ። እኔ ወደ ጎን ተንሸራትቼ ወደቅሁ። «ወጣ! ወጣ!» ተባለ፤ እልልታው ቀለጠ። ፓስተር ግን ጎንበስ ብለው አዳመጡኝና፣

«ወገኖች፣ እስቲ ዝም በሉ። ጋኔን ሲወጣ ያንኮራፋል እንዴ? ይህች ልጅ ተኝታለች» አሉ።

የቀሰቀሰኝ ሳቃችሁ ነው። አይዟችሁ፣ አልተቀየምኳችሁም። ያን ቀን ግን ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ ብዬ ነበር። ፓስተር አልሳቁም። «ጸሎቱን አናቆምም» አሉት ደሳለኝን፤ «ነገ ግን ሐኪም ቤት ትወስዳታለህ። እኔም እመጣለሁ።»

አዶት «ዱካክን ሐኪም ምን ያውቅለታል?» አሉ።

«ሐኪሙን የፈጠረው ያውቃል፣ እማማ» አሏቸው ፓስተር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነች። የደም ግፊቴን ለካች፤ ፊቷ ተለወጠና ደግማ ለካች። አንገቴን በሜትር ለካች። ደም ሰጠሁና ውጤቱን ደጅ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። እዚያ ነው ወገኖቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ አፍ የጸለይኩት። «ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ በባሌ በኩል ነው የማውቅህ። አሁን እኔ ራሴ ነኝ የምለምንህ። ይህን ልጅ በእኔ ገላ አትውሰድብኝ። እኔንም ተቀበለኝ፤ ያንተ ልሁን።» ፍርሃቱ አልሄደም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ግን አወቅሁ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ሐኪሟ ጠራችን። «እህቴ፣ ደረትሽ ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም» አለችኝ። «ስብ አንገትሽ ውስጥም ይከማቻል። ስትተኚ ጉሮሮሽን ይዘጋዋል፣ ትንፋሽሽ ይቆማል። እንቅልፍ ሳታገኚ ስለምታድሪ ቀን ትወድቂያለሽ። ግፊትሽ ከፍተኛ ነው፤ ስኳርሽም ወደ በሽታው እየተጠጋ ነው። ዝም ካልነው ልብሽንና ኩላሊትሽን ይጎዳል፤ ጭንቅላትሽ ውስጥ ደም ሊፈስም ይችላል።»

«በዚህ ዕድሜዬ?»

«ስብ ዕድሜ አይጠይቅም።»

አብረውን የገቡት አዶት አላስቻላቸውም። «ታዲያ ከስታ መሳቂያ ትሁን?»

«እማማ፣ ትተንፍስ ነው ያልኩት» አለቻቸው።

መድኃኒት ጀመርኩ። ለስላሳ ተውኩ። በጎኔ እተኛለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሸምሲያ ጋር በእግር እንሄዳለን፤ «ነይ እንጂ፣ ባጃጅ ልጥራልሽ?» እያለች ታበሽቀኛለች። ናሆም የሚያድረው አዶት ጋ ነው። ገንፎውን ዛሬም የሚያገነፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ኩሬው ግን ደርቋል።

ፈጽሜ ድኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ትንፋሼ አሁንም አንዳንዴ ይቆማል። ግፊቴ ወርዷል እንጂ ልኩ ላይ አልደረሰም። አዲስ አበባ የሚሠራ የእንቅልፍ ምርመራም ይቀረኛል። ለመተኛት ጋደም ስል ዛሬም እፈራለሁ። ግን ባለፈው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁጭ ብዬ ልጄን አጠባሁት። ጠግቦ እሱ ተኛ፤ እኔ ነቅቼ አየሁት። ጌታ ይባረክ! ጌታ ይባረክ!

ከእናንተ መካከል ትንፋሿ የሚያጥራት፣ ሰው «አምሮብሻል» ሲላት ውስጧ የሚጨነቅ እህት ካለች፣ በጌታ ታመኚ፤ ሐኪም ቤት መሄድም አለማመን አይደለም። ማክሰኞ ቀጠሮ አለኝ። ስንወጣ በሩ ጋ እቆማለሁ። መናገር ካፈርሽ ምንም አትናገሪ፤ እጄን ብቻ ያዢኝ፣ አብረን እንሄዳለን።