ያልተነበበው ገጽ

በዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ የደህንነት መመሪያውን ለተማሪዎች የማነበው እኔ ነኝ። ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ካፓሲተር የሚባለው ዕቃ መብራት ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ይዞ እንደሚቆይና በባዶ እጅ እንደማይነካ ተጽፏል።

አንድ ሴሚስተር ላይ ከቀራንዮ የተሳፈርኩበት ታክሲ መንገድ ላይ ተበላሸና አርፍጄ ደረስኩ። የመጀመሪያውን ገጽ በጥድፊያ አነበብኩ። "ሌላውን ራሳችሁ አንብቡት" ብዬ አስፈረምኳቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሙከራ መሃል መብራት ጠፋ። ሁሌም ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ተማሪ፣ "በቃ፣ ዛሬ አይመጣም፤ ሽቦውን ልንቀለው" ስትል ሰማሁ። ዞር ስል እጇን ወደ ካፓሲተሩ ዘርግታለች።

"ተይ፣ አትንኪው!"

አልደረስኩም። ድው የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ልጅቷ ወደ ኋላ ተስፈንጥራ ከግድግዳው ጋር ተላተመች።

ነፍሷ ተረፈ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እምቢ አሉ፤ አይታጠፉም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርቶ፣ "መመሪያውን አውቀውታል አይደል?" አለኝ።

"ፈርመዋል" አልኩት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ኮልፌ ቤታቸው ልጠይቃት ሄድኩ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ለስላሳ ከፈቱልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

"መብራት ጠፍቶ ነበር ይላሉ። የጠፋ መብራት እንዴት አድርጎ ሰው ይመታል?"

"ዕቃው ውስጥ ይቀራል፣ እናቴ።"

"ታዲያ ይሄን አልነገራችኋቸውም?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጅቷ ከተኛችበት መለሰች። "ወረቀቱ ላይ ነበር እኮ፣ እማ። ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ።"

እናትየው አንገታቸውን ደፉ። ጥፋቱ የኔ ነው ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ለስላሳውን እስከ መጨረሻው ጠጣሁ፣ "እግዚአብሔር ይማርሽ" ብዬ ወጣሁ።

ትምህርቷን አቋርጣ ቀረች። እኔ አሁን ሁለቱንም ገጽ ቃል በቃል አነባለሁ፤ ተማሪዎቹ እየሰለቻቸው ስልካቸውን ይነካካሉ።

ባለፈው ዓለም ባንክ ፌርማታ ላይ አየኋት። የታክሲውን በር በግራ እጇ ይዛ ገባች። ሰላም ልላት አንድ እርምጃ ሄጄ ነበር። ከዚያ ፊቴን አዙሬ ታክሲው እስኪሄድ ጠበቅሁ።