ባለ አንድ ነጥቧ ቢራቢሮ

በክረምቱ መጨረሻ ፀሐይ ብልጭ ስትል ከረጠበ የሣር ክዳን የሚነሣው እንፋሎት የራሱ ሽታ አለው፤ ጢስ፣ ሻጋታና ገለባ አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ሽታ ነው። አሁን በምኖርበት በደብረ ታቦር ቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ስለ ሆነ ረስቼው ቆይቼ ነበር። ባለፈው መስከረም ግን ጎረቤቶቻችን አሮጌ በረት አፍርሰው ሣሩን ከመሩትና ፀሐይ ሲመታው ሽታው በመስኮት ገባ፤ እኔም የያዝሁትን ሰፌድ አስቀምጬ፣ ታች ጋይንት የነበረውን ቤታችንን፣ እናቴ የሞተችበትን ዓመትና አክስቴን ጠጂቱን ሳስብ ዋልሁ።

ቤታችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላው ቁልቁል በሚወርድበት አፋፍ ላይ ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እዚያው ጋይንት ባለው በቤተ ልሔም የድጓ ቤት ተምረው መጥተው የሰፈራችንን ደብር ያገለግሉ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስም ገብስና ባቄላቸውን ያርሱ ነበር። እናቴ በፍልሰታ ጾም በወሊድ ሞተች፤ የተወለደውም ሕፃን አልተረፈም። የቀብሯ ዕለት ዝናቡ ስላላባራ ለቀስተኛው ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጠ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣ፣ እኔም የአንዲት ጎረቤታችንን ነጠላ ይዤ ተከተልሁ። ሴቶቹ እያቀፉ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሉኝ ነበር። እንባ ግን አልመጣልኝም። ብዙ ተቀምጠው ሲነሡ እግር እንደሚደነዝዘው ውስጤ ደንዝዞ ነበር፤ ሲነኩኝ መነካቴን አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

ታናሽ ወንድሜ ታፈረ ያኔ ገና አፉን የፈታ ሕፃን ነበር። ጠዋት ሲነቃ ጓዳ ገብቶ ከእንስራው ጀርባ እያየ «እማ» ይል ነበር፣ ከዚያም ወጥቶ በረቱን ያይ ነበር፣ ሳያገኛት ሲቀር ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አፈር ይጭር ነበር። አባቴ ይህን ሲያዩ ዳዊታቸውን ይዘው ከቤት ይወጡ ነበር። ቄስ ሚስቱ ብትሞትም ሌላ ማግባት አይፈቀድለትምና፣ በዚያ ቤት እናት የምትባል ሴት ዳግመኛ እንደማትገባ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጠጂቱ ለለቅሶ የመጣችው ወንዙ ጎደል ሲል፣ ከስማዳ ቆላ ነው። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከመጀመሪያ ባሏ ተፋትታ አያቶቼ ቤት ተመልሳ ነበር። በአጥሩ በር ስትገባ ሴቶቹ ሙሾአቸውን አቋረጡ። ግንባሯ፣ ፍንጭት ጥርሷ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ መራመዷ፣ ሁሉም የእናቴ ነበር። ልዩነቱ የእናቴ አንገት በንቅሳት የተከበበ መሆኑ ነው፤ የጠጂቱ አንገት ባዶ ነበር። ታፈረ ሮጦ ቀሚሷን ይዞ «እማ!» አላት። እሷም አንሥታ አዘለችውና ለቅሶ ሳትቀመጥ በቀጥታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ አንገቷን እያየሁ ቆሜ ቀረሁ።

ለቅሶው ሲበተን አብረዋት የመጡት አያቶቼ ሄዱ፣ እሷ ቀረች። መስከረም ጠባ። በዚያ ወር ከቆላው ቢራቢሮ ወደ አፋፉ ይወጣ ነበር፤ ወደ ምንጩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሲቆርጡት ነጭ ወተት በሚያወጣው ቁጥቋጦ ላይ ብርቱካን የመሰለ ክንፍ ያላቸው ያንዣብቡ ነበር። ለእኔ ሁሉም አንድ ነበሩ። ጠጂቱ ግን ቆላ ስላደገች ለይታ ታውቃቸው ነበር፤ ውኃ ልንቀዳ ስንወርድ እንስራዋን አስቀምጣ፣ ታፈረን በጀርባዋ እንዳዘለች ጎንበስ ብላ ታሳየኝ ነበር።

ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሁለቱም ክንፍ ብርቱካን፣ ጫፉ ጥቁር፣ በጥቁሩም ላይ ነጭ ጠብታ የተረጨበት ነበር። መለያቸው የኋላው ክንፍ ነው። የአንደኛዋ በመሐሉ ሦስት አራት ጥቁር ነጥብ አለው፣ ዳሩም በቀጭን ጥቁር መስመር ተከፍፏል። የሌላዪቱ ግን ወደ ላይኛው ጫፍ ገባ ብሎ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ዳሩም ቀጥ አይልም፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል። በመብረር ላይ ሳሉ ማንም አይለያቸውም፤ አበባ ላይ ዐርፈው ክንፋቸውን እስኪዘረጉ መጠበቅ ነበረብን። እኔም መጠበቁን ወደድሁት፤ ነጥብ ስፈልግ ሌላ ምንም ማሰብ አያስፈልገኝም ነበር።

አንድ ቀን ቄብ ዶሯችን ባለ ብዙ ነጥቧን ደጅ ላይ ያዘቻት። ወዲያው ተፋቻትና ምንቃሯን መሬት ላይ ትጠርግ ጀመር። ጠጂቱ እየሳቀች፣ ይህች ትል ሆና ያን ወተታም ቅጠል በልታ ስለምታድግ ሥጋዋ መራራ ነው፣ ወፍም አንዴ የቀመሳት አይደግማትም አለችኝ። ባለ አንድ ነጥቧ ግን ምሬት የላትም፤ መራራዋን ስለ መሰለች ብቻ ነው ወፍ የሚተዋት። እውነትም ቄቧ ከዚያ ቀን በኋላ ሁለቱንም አትነካም ነበር።

እኔም ይህን ስሰማ፣ «እንግዲያ ሌባ ናት» አልኋት።

ጠጂቱ ታፈረን ከጀርባዋ አውርዳ አፍንጫውን ጠረገችለት። ቢራቢሮዋን ብቻ እንዳላልሁ ገብቷታል።

«ምን ወሰደችባት?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያችም እንደ ነበረች ናት። ይችም መኖር አለባት።»

እንስራዬን አዝዬ ቀድሜ ወጣሁ።

ጥር ሲገባ፣ እህል ከአውድማ ተነሥቶ ሠርግ በሚበዛበት ጊዜ፣ አያቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። ለጠጂቱ እስቴ ላይ ጥሩ መሬት ያለው ሰው ተገኝቶላት ነበር። አባቴ፣ በሰው ልጅ ዕድል መቆም አይገባኝም ብለው መረቁ። እሷ ታፈረን ይዛ ለመሄድ ብትለምን፣ ባልየው የሌላ ሰው ልጅ ቤቴ አላስገባም ብሏል አሏት። በበቅሎ ስትወጣ ልጁ ተኝቶ ነበር። እኔን ግንባሬን ሳመችኝ፤ እኔም እንደ ቀብሩ ዕለት ቆሜ አየሁ፣ ከዚያም ገብቼ ምጣዱን አሰስሁ።

በጋው ረጅም ነበር። ታፈረ እንደ ቀድሞው እየዞረ እማን አይፈልግም ነበር። የሰጡትን ይበላል፣ ያስቀመጡት ቦታ ይቀመጣል፣ አያለቅስም። አባቴ ሌሊት ለማኅሌት ሲሄዱ እኔው አጠገብ አስተኝተውት ይሄዱ ነበር፤ አባቴ ራሳቸው ወጥ መሥራት ለመዱ፣ እኔም ሊጥ ማቡካት ለመድሁ። ሰው ሲጠይቀን ደኅና ነን እንል ነበር፣ ደኅና የሆንንም ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ጠጂቱ ጥቅሏን በራሷ ላይ ተሸክማ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሶ በአጥሩ በር ገባች። ማንም አልሸኛትም፤ ከእስቴ ብቻዋን በእግሯ ነው የመጣችው። ታፈረ አያትና አልሮጠም፤ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባቴ ወጥተው ወንበር ሰጧት፣ እግሯንም አስታጥበው፣ ተጣልታ እንደ ሆነ ጠየቋት። አልተጣላሁም አለች። ባልሽንስ ምን ብለሽ ተውሽው አሏት።

«አባ፣ እሱ ሚስት አያጣም» አለች። «ይኸ ልጅ ግን ከእኔ ሌላ ማን አለው?»

አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት፣ የእናቴን ጋቢም ከሳጥን አውጥተው ሰጧት። ያን ጊዜ ነው ታፈረ ጮኾ ያለቀሰው፤ ወራቱን ሁሉ ያጠራቀመው ይመስል እስኪመሽ አለቀሰ። እኔ በዕለቱ እንጨት ለቅሜ፣ እሳት አንድጄ፣ እራት አቀረብሁ። ያ ድንዛዜ የለቀቀኝ መቼ እንደ ሆነ አላውቅም። ቀኑን ይዤ ልናገረው የምችለው ነገር አይደለም።

ጠጂቱ ከዚያ በኋላ አላገባችም። ታፈረ ከፍ ሲል ጓደኞቹ እናትህ አይደለችም ብለውት መጥቶ ጠይቋት ነበር፤ የወለደችህ እህቴ ናት፣ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ ብላ ደጃፉ ላይ በቀጥታ ነገረችው፣ እሱም እሺ ብሎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ፣ እማ ማለቱንም አልተወም። ንፋስ መውጫ ከተማ ሥራ ይዞ ቤት ሲሠራ ወስዶ አስቀመጣት፣ ያረፈችውም እዚያው እቤቱ ነው።

ቢራቢሮ ባሳየችኝ በዚያ መስከረም ዕድሜዋ ስንት እንደ ነበር ልጅ ሳለሁ አስቤው አላውቅም፤ ለእኔ ትልቅ ሰው ነበረች። አሁን ሳሰላው ሃያ የሞላት አይመስለኝም። የልጅ ልጄ ዛሬ በዚያ ዕድሜ ላይ ናት፤ ከኮሌጅ ለዕረፍት ስትመጣ ፀሐይ ወጥቶ እስኪሞቅ ትተኛለች። እናቷ ልትቀሰቅሳት ስትሄድ፣ «ተያት፣ ትተኛ» እላታለሁ።