በአፈር ላይ ያቆምኩት ባላ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ትንንሹን ኃጢአት ለቅሜ ነግሬ፣ ትልቁን ውጬ ተመልሻለሁ። አንተ የምታነበው ስማኝ፤ ፊትህን ስለማላየው ይቀለኛል።

ከአራዳ ቁልቁል ወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ ሲሠራ የአናጢዎቹ አለቃ እኔ ነበርኩ። ኖራው ደርቆ ቅስቱ ራሱን እስኪችል ድረስ ድንጋዩን ከሥር የሚሸከመው የእንጨት ድጋፍ በእኔ እጅ ነው። እያንዳንዱ ባላ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተነጥፎለት እንዲቆም የማዘውም እኔ ነኝ። በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ግን የማኅበሩ ተራ የእኔ ነበርና ልቤ ቀድሞኝ ቤቴ ገብቶ ነበር። የመጨረሻውን የዳር ባላ እንዲያው በአፈሩ ላይ አቆምኩት። እኔ ነኝ ያቆምኩት፤ ማንም አላዘዘኝም።

በበዓሉ ቀን ዝናቡ ወረደ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ከጉራጌ አገር የመጣው ግንበኛችን ዘርጋ በስብሶ ደጄ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ጎርፉ የዳሩን ባላ እግር እየበላው ነው። ይምጡና እናጥብቀው።»

«በሚካኤል ቀን መዶሻ የሚያነሣ ማን አለ? ግባና ጠላ ጠጣ» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። በዓሉን ፈርቼ ነው? አይደለም። የሠራሁትን ሰው እንዳያይብኝ ነው።

ዘርጋ ብቻውን ወርዶ በባላው እግር ዙሪያ ድንጋይ ሲያስደግፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች አዩት። በማግስቱ ቅስቱ ላይ ሊወጣ ሲል ዞሮ አየኝ። «ይችላል፣ ውጣ» አልኩት። እንደማይችል እያወቅሁ። ረፋድ ላይ ባላው ከዳ፤ ድጋፉ ከነድንጋዩ ወንዙ ውስጥ ገባ። የዘርጋን ሬሳ አወጣን።

ለቅሶው ላይ «በዓል ሽሮ ነው፤ ሚካኤል ቀሠፈው» ተባለ። ዝም ብል እንኳ ምን ነበረበት? እኔ ግን «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ተው ብዬው ነበር» አልኩ። ይህንን ያልኩት ሚስቱ አስካለ እየሰማች ነው። አንገቴን ለማትረፍ ስል የሙት ስም አጎደፍኩ።

አስካለ ከዚያ ወዲህ በየወሩ በአሥራ ሁለት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ለባሏ ምሕረት ትለምናለች። ባገኘችኝ ቁጥር ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ያኔ ስለ መከሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ።

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የእርሷ ነው፤ እርሷ ግን የእኔን ኃጢአት በባሏ ስም ተሸክማ ይቅርታ ትለምናለች። ነገ አሥራ ሁለት ነው። ነገም አሜን ካልኩ ዘርጋን ደግሜ ገደልኩት።